እርዳታ ሰነፍ ያደርጋል ላልከው ወንድሜ፣ መጀመሪያ የባጃጁን ሂሳብ እንተሳሰብ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ጸሐፊው እዚሁ ጎንደር የሚኖር ይመስለኛል፣ ፒያሳ ላይ ቁጭ ብለው ከሚለምኑ ሰዎች ነው የሚጀምረው። ከዛ ለአካል ጉዳተኛ ገንዘብ በእጁ መስጠት ጥገኛ ያደርገዋል፣ ከተፈለገ ብድር ይሰጠውና ሰርቶ ይክፈል፣ ቁጥራቸውም ጥቂት ስለሆነ ቤተሰብና እድር ይበቃቸዋል፣ ህጉም ሴፍቲኔቱም (መንግስት ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጠው ድጋፍ) አለ የማይጠቀሙት ራሳቸው ናቸው፣ ገንዘብ ሲባል ደሞ ውሸታሙ ይበዛል ብሩም መጠጥ ቤት ይገባል፣ በዛ ላይ ሀገራችን ድሃ ናት ይላል። ስድብ የለበትም፣ ሰውየው በክፋት የጻፈውም አይመስለኝም፣ ለዛ ነው ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ልመልስለት የፈለግኩት። እኔ በልጅነቴ ፖሊዮ የያዘኝ፣ በሁለት ክራንች የምሄድ፣ ሞባይል ጠግኜ የምኖር ሰው ነኝ፣ ስለዚህ የምናገረው ስለራሴ ኑሮ ነው።

እሺ ጥገኝነት። በየወሩ ገንዘብ ከተሰጠው ለምን ብሎ ይሰራል ነው ጥያቄህ። ወንድሜ እኔ ጠዋት ሱቄን ከመክፈቴ በፊት ምን እንደማወጣ ልንገርህ። የምኖረው ማራኪ የሚባል ሰፈር ነው፣ የምሰራው ፒያሳ አካባቢ። ሌላው ሰው ይሄን መንገድ ወይ በእግሩ ይሄደዋል ወይ ባጃጅ ላይ ተጋፍቶ በ15 ብር ይደርሳል። እኔ ሦስት ሰው የተጫነበት ባጃጅ ላይ ክራንቼን የት ላድርገው፣ ሹፌሩም ሲያየኝ ወይ አልፎኝ ይሄዳል ወይ ኮንትራት ያዝ ይለኛል፣ ኮንትራቱ 120 ብር ነው፣ ዝናብ ካለ ይጨምራል። ደርሶ መልስ 240። በወር 26 ቀን ብሰራ 6,240 ብር ለባጃጅ ብቻ ማለት ነው፣ ጎረቤቴ ደሞ ለዚሁ መንገድ 780 ብር። ልዩነቱ 5,460 ብር ነው፣ በየወሩ፣ ገና አንድ ስልክ ሳልፈታ። ስለማልችለው ጠዋት የቻልኩትን ያህል በእግሬ ወርጄ ማታ ዳገቱን ነው ኮንትራት የምይዘው፣ ሱቄን ከሌሎቹ አንድ ሰዓት አርፍጄ የምከፍተውም ለዚህ ነው፣ ደንበኛ ደሞ የኔን ዳገት አይጠብቅም ወደ ሌላው ይሄዳል።

ይሄ የኔ ብቻ ጉዳይ አደለም። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው አንድ ወረቀት የሚያነብለትና መንገድ የሚያሳየው ሰው ያስፈልገዋል፣ ያ ሰው ሁሌ በነፃ አይገኝም። መስማት የተሳነው ሰው ሀኪም ቤት ሲሄድ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከሌለው ህመሙን ማስረዳት አይችልም። ዊልቸር ያለው ሰው ቤት ሲከራይ ደረጃ የሌለው፣ ሽንት ቤቱ የሚያስገባ ቤት ፈልጎ ነው፣ እንዲህ አይነት ቤት ደሞ ውድ ነው። ይሄ ሁሉ ሌላው ሰው ጨርሶ የማያወጣው ወጪ ነው።

አንድ ነገር ደሞ ላሳይህ። ክራንች ጫፉ ላይ አንዲት ጎማ አለችው፣ እንደ ስኒ ጎድጎድ ያለች፣ ብረቱ ድንጋይ እንዳይነካ የምታደርግ። የጎንደር ኮብልስቶን ይቺን ጎማ በሁለት ወር ይበላታል። መሀሏ ሲበሳ ብረቱ ድንጋዩ ላይ ኳ፣ ኳ ማለት ይጀምራል፣ ያን ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይንቦጫቦጫል፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ብረት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁና። ኦርጅናሏን ፈልጌ ስለማላገኛት አንድ ጫማ ሰፊ ወዳጄ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ ይሰራልኛል፣ እሷም አትቆይም። ያለፈው ሐምሌ ብረቱ ወጥቶ እያለ ነገ አስቀይራለሁ ስል ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራተትኩና የግራ እጄ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት ጀሶ። በአንድ እጅ ክራንች አይያዝም፣ ስልክም አይጠገንም፣ ሱቁ ስድስት ሳምንት ተዘጋ፣ ኪራዩ ግን አልቆመም። በአንዲት ጎማ ምክንያት የስድስት ሳምንት ገቢ ሄደ። ያኔ በየጊዜው ጎማ የሚቀይርልኝ፣ ወይ ለሱ የሚሆን ጥቂት ብር የሚሰጠኝ ፕሮግራም ቢኖር ሥራ የምተው ይመስልሃል?

እንዲህ አይነቱን ወጪ የሚያውቅ ህግ እኮ አለ። ኢትዮጵያ በአዋጅ 676/2002 ያፀደቀችው የተባበሩት መንግስታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 28 ላይ በድህነት ለሚኖሩ አካል ጉዳተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከጉዳቱ ጋር ለሚመጣው ወጪ መንግስት እንዲያግዝ ይላል፣ የገንዘብ ድጋፍ የሚለውንም ስሙን ጠርቶ ይጠቅሰዋል። የምንጠይቀው ይሄንን ነው። የኔን 5,460 ብር ልዩነት አንድ ሰው ሸፍኖልኝ ከጎረቤቴ እኩል ብንነሳ፣ ከዛ በኋላ ሰነፍ ከሆንኩ ሰነፍ በለኝ።

ገንዘብ ሰው ላይ ሲፈስ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ደሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግቢ መሄድ ይበቃል። ዩኒቨርሲቲው ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በ2017 እ.ኤ.አ የጀመረው የ10 ዓመት ፕሮግራም 450 ገደማ ወጣቶችን በስኮላርሺፕ ለማስተማር የታቀደ ነው፣ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶችም ልዩ ቦታ አለው፣ በሀገሪቱ የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ሰው ከነጉዳቱ የዕለት ሥራውን ራሱ እንዲሰራ የሚያግዝ ሙያ) ትምህርትም በዚሁ ነው የተከፈተው። ስኮላርሺፕ ምንድነው? የማይመለስ ገንዘብ ነው። የትነበርሽ ንጉሤን ሁላችንም እናውቃታለን፣ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ፣ ሻሸመኔ ባለው የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ተምራ፣ ጠበቃ ሆና፣ በ2017 እ.ኤ.አ ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የወሰደች። ጎበዝ ናት፣ ጉብዝናዋን ማንም አልሰጣትም። ግን አዳሪ ትምህርት ቤት አልጋ አለው፣ ምግብ አለው፣ አስተማሪ አለው፣ ብሬል ወረቀት አለው፣ ይሄን ሁሉ የከፈለ ሰው ነበረ።

አሁን ወደ ብድሩ። ግራንት፣ ማለት የማይመለስ ገንዘብ፣ አይሰጥ ብድር ይሰጥ ብለሃል። እኔ ብድር አልጠላም፣ ሞክሬዋለሁም። አንድ አበዳሪ ጋ ከወንድሜ ጋር ሄድን፣ ቢሮው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ደረጃው ለክራንች ጠባብ ስለሆነ ጀርባዬን ሰጥቼ በመቀመጫዬ አንድ አንድ እያልኩ ነው የወጣሁት። የህንፃ አዋጁ 624/2001 ህዝብ የሚገለገልበት ህንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ይኑረው ይላል፣ እሱን ያኔ አላነሳሁም፣ ላብ በላብ ሆኜ ስለነበር። ሠራተኛው ወረቀቴን አየና ቀና ብሎ ወንድሜን «እሱ ምን ሊሰራ ነው?» አለው። እኔ እዛው ፊቱ ተቀምጫለሁ። ወንድሜ «እሱን ጠይቀው እንጂ» ሲለው ሰውየው ደንገጥ ብሎ ዞረና በቡድን ተደራጅ ወይ ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ አለኝ። በቡድን ስንል አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ናቸው የሚከፍሉለት፣ ስለዚህ ማን ከኔ ጋር ይደራጃል፣ ሰፈሬ ውስጥ አራት ልጆችን ጠይቄ አራቱም በጨዋ ደንብ እምቢ አሉኝ፣ አልፈርድባቸውም። ደመወዝተኛ ዋስም አላገኘሁ።

ሥራ የጀመርኩት በኋላ ወንድሜ እቁብ ወጥቶለት ብሩን አምጥቶ እጄ ላይ ሲያስቀምጥልኝ ነው። «መልስልኝ አልልህም፣ ሥራበት» አለኝ። ሆት ኤር የሚባለውን በሙቅ አየር የስልክ ዕቃ የሚፈታ መሣሪያ ገዛሁ፣ መልቲሜትር ገዛሁ፣ ስክሪን መክፈቻ ገዛሁ፣ የሦስት ወር ኪራይ ከፈልኩ። ዛሬ አንድ ልጅ ቀጥሬ ሙያ አስተምራለሁ፣ የንግድ ፈቃድ አለኝ፣ ግብር እከፍላለሁ። የወንድሜ ብር ግራንት ነው እንግዲህ። ወንድም የሌለው፣ ወይ ወንድሙ እቁብ መጣል የማይችልስ?

ደሞ ብድርና ድጎማ ሥራቸው ለየቅል ነው። ብድር ለሆት ኤሩ ይሆናል፣ ሆት ኤሩ ስልክ ጠግኖ ራሱን ይከፍላል። ክራንች ግን ትርፍ አያመጣም። ዊልቸር በብድር የገዛ ሰው ወለዱን ከምን ያምጣ? ጸሐፊው ይሄን ለይቶ ቢያየው ኖሮ ብድሩን በድጎማው ፋንታ አያመጣውም ነበር፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ግን ድጎማው ነው።

ቤተሰብና እድር ይበቃል ላልከው። ግቢያችን ውስጥ አንዲት እናት አለች፣ ልጇ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሲወለድ ጀምሮ አንገቱን በደንብ አይቆጣጠርም፣ አይራመድም፣ አይናገርም ግን ሁሉንም ይሰማል፣ ስሙን ስትጠራው ይስቃል። ድሮ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል ታስረክብ ነበር። ልጁ ፊዚዮቴራፒ ሲጀመርለት በሳምንት ሁለት ቀን በጀርባዋ አዝላው ሀኪም ቤት መውሰድ ሆነ፣ ሆቴሉ ደሞ ሁለት ቀን የምትቀርን ሰው አልጠበቀም፣ ሌላ ጋጋሪ ያዘ። ልጁ እየከበደ ነው፣ እግሩ ከጉልበቷ በታች ተንጠልጥሎ ነው የምታዝለው። አንድ ቀን በር ላይ አግኝቻት «እትዬ፣ ቢያንስ ፌስታሉን ልያዝልሽ» ስላት «ተወው የኔ ወንድም፣ አንተስ በምን እጅህ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሁለቱም እጄ ተይዟል።

ጎረቤት አልጨከነባትም። በዓል ሲሆን ዶሮው ይመጣል፣ ሰው ቡና ይጠራታል፣ ልጁንም የሚይዝላት አይጠፋም። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን፣ እውነት ነው፣ ግን ይቺ ሴት ግቢ ውስጥ ሃምሳ ሰው የለም፣ ያለነውም የየራሳችን ሎሚ አለን። እድርም ቢሆን አብዛኛው የተቋቋመው ለሞት ነው። ይሄ ልጅ ክፉ ቢገጥመው ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ሰው ሁሉ ሦስት ቀን ይቀመጣል። በህይወት እያለ ለፊዚዮቴራፒው የባጃጅ ብር የሚል መዝገብ ግን የእድራችን ደንብ ላይ የለም። ደቡብ አፍሪካ ከባድ ጉዳት ያለበትን ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ለብቻው የሚከፈል ወርሃዊ ድጎማ አላቸው፣ ልጁን መንከባከብ ራሱ ሥራ መሆኑን አውቀውለት ነው። እትዬ እንዲህ አይነት ነገር ብታገኝ ጥገኛ ሆነች ሊባል ነው? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ የሰራች ሴት እኮ ናት።

ቁጥራቸው ጥቂት ነው ያልከው ከ1999ኙ ቆጠራ የመጣ ይመስለኛል፣ ቆጠራው ላይ የተመዘገበው 805,492 አካል ጉዳተኛ ነው፣ ከህዝቡ 1 በመቶ ትንሽ ቢያልፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ ባወጡት ሪፖርት ግን ከዓለም ህዝብ 15 በመቶ ገደማው አካል ጉዳት አለበት። እኛ ጋ በተለየ ተአምር 1 በመቶ አይሆንም። ቆጣሪ በር ላይ ቆሞ «አካል ጉዳተኛ አለ?» ሲል ብዙ ቤተሰብ የለም ይላል፣ ወይ አፍሮ ወይ ጉዳት መሆኑን ሳያስበው። «ለመራመድ የሚቸገር አለ? ለማየት፣ ለመስማት የሚቸገር?» ተብሎ ሲጠየቅ ነው መልሱ የሚወጣው። ስለዚህ በትንሽ ቁጥር ትንሽ በጀት ማስላት ተገቢ አደለም።

ህጉም ሴፍቲኔቱም አለ፣ የማይጠቀሙት ራሳቸው ናቸው ለሚለው። ህጉ አለ፣ አልክድም። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 41 ላይ የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን አቅም በፈቀደ መጠን መርዳትና ማቋቋም የመንግስት ግዴታ ነው ይላል። የሥራ ስምሪት አዋጁ 568/2000ም ጥሩ ህግ ነው፣ በጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ተደርጎብኛል ብለህ ስትከስ የማስረዳቱን ሸክም አሠሪው ላይ ነው የሚጥለው። ግን ህጉን ይዞ ፍርድ ቤት ለመሄድም ባጃጅ ያስፈልጋል፣ ያለ መተግበሪያ በጀት የተጻፈ መብት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሴፍቲኔቱን በደንብ እንየው፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ጽሑፉ ትልቁን ነገር ዘሎታል። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም ሲጀመር በ11 ከተሞች ነበር፣ ከአማራ ክልል የተካተተችው ደሴ ናት፣ ጎንደር አልነበረችበትም። ሲጀመር በነበረው አሠራር ተጠቃሚው ለሁለት ይከፈላል፣ 84 በመቶው በአካባቢ ልማት ሥራ ሰርቶ የሚከፈለው ነው፣ 16 በመቶው ደሞ ቀጥታ ድጋፍ የሚባለው ነው፣ አረጋዊው፣ በጠና የታመመው፣ አካል ጉዳተኛው እዚህ ውስጥ ነው። ቀጥታ ድጋፍ ጥሩ ነው፣ ሳይሰሩ የሚከፈል ነው፣ ለእትዬ ቢደርሳት ትመርቃቸዋለች። ችግሩ ፕሮግራሙ የሚያስቆጥበው ገንዘብና የሚሰጠው ሥራ ማስጀመሪያ ብር የተሳሰረው ጠረጋና ቁፋሮ ከሚሰሩት ጋር መሆኑ ነበር። ስለዚህ እንደኔ ያለው ሰው ቁፋሮ አይችልም ተብሎ ቀጥታ ድጋፍ ይገባና በዛው ሥራ ማስጀመሪያውም ይቀርበት ነበር። መቆፈር አለመቻልና መሥራት አለመቻል አንድ ተደርገው ተቆጠሩ ማለት ነው። እኔ አካፋ አልይዝም፣ ከፀጉር የቀጠነ የስልክ መስመር ግን እበይዳለሁ። ጥገኝነት ያሳሰበው ሰው መጮህ ያለበት እዚህ ላይ ነበር፣ ቀጥታ ድጋፍ ያለው ሰውም መሥራት ከፈለገ ማስጀመሪያ ግራንቱ ይድረሰው ብሎ።

አይጠቀሙም ያልከውም ቢሆን፣ ምዝገባ መኖሩን በማይክ ብቻ ሲያስነግሩ መስማት የተሳነው አይሰማም፣ ወረቀት ቀበሌ በር ላይ ሲለጥፉ ዓይነ ስውሩ አያነበውም፣ ሁለት ቀን ብቻ ክፍት ሲያደርጉት አልጋ ላይ ያለው አይደርስም። ደሞ ማስረጃ አምጣ ይባላል፣ የሜዲካል ቦርድ (ሐኪሞች መርምረው የሚሰጡት) ወረቀት፣ እኔ ከሦስት ዓመቴ ጀምሮ የሰለለ እግር ይዤ በተለያየ ጊዜ ሦስት ቢሮ ለሦስት ጉዳይ አዲስ ወረቀት ጠይቆኛል። እግሬ በመሀል አልዳነም እኮ።

ውሸታም ይበዛል በሚለው ላይ ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። እግሩን አጥፎ የሚለምን ጤነኛ ሰው አይቻለሁ፣ ከማንም በላይ የሚያናድደኝ እኔን ነው፣ በሱ ምክንያት ነው ሰው እኔንም በጥርጣሬ የሚያየኝ። ግን ይሄ የሚስተካከለው በምርመራና በመዝገብ ነው። ደቡብ አፍሪካ የአካል ጉዳት ድጎማቸውን ጊዜያዊና ቋሚ ብለው ለይተውታል፣ ጊዜያዊው ሲያልቅ ሰውየው እንደገና ይመረመራል፣ ቋሚ ጉዳት ያለበትን ደሞ በየጊዜው አያመላልሱትም። አንድ ጊዜ ተመርምሮ አንድ መታወቂያ፣ በሁሉም ቢሮ የሚሰራ፣ ይሄ ውሸታሙንም ያስቀራል እኛንም ያሳርፋል። መጠጥ ቤት ይገባል የሚለውን በተመለከተ የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ ከተለያዩ ሀገሮች 19 ጥናቶችን ሰብስበው አይተውታል፣ ለድሃ ቤተሰብ በጥሬ የተሰጠ ገንዘብ መጠጥና ሲጋራ ላይ የሚወጣውን ወጪ እንዳልጨመረ ነው ያገኙት። ደሞዝ ተቀብሎ የሚጠጣም ሰው አለ፣ በሱ ምክንያት የማንም ደሞዝ አልቆመም።

ሀገሪቱ ድሃ ናት። ናት። ኬንያም ሀብታም አደለችም፣ ከባድ ጉዳት ያለበት ሰው ላለበት ድሃ ቤተሰብ በወር 2,000 ሽልንግ ትከፍላለች። እኛም እኮ ስንፈልግ አልቸገረንም፣ ያ የ2009ኙ ሴፍቲኔት ከተመደበለት 450 ሚሊዮን ዶላር 150 ሚሊዮኑ የመንግስት ድርሻ ነበር። ብር ሳይወጣም የሚደረግ አለ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጁ 285/1994 ከ60 በመቶ በላይ ሠራተኞቹ አካል ጉዳተኛ የሆኑበትን ወርክሾፕ ከቫት ነፃ አድርጎት ነበር፣ ስንት ሰው ያውቀዋል? የክራንች ጎማ እዚሁ ጎንደር ተሰርቶ በየቀበሌው ቢቀመጥ ስንት ብር ይፈጃል? ለትራንስፖርት የምትሆን ወርሃዊ ድጎማ፣ ቀጥታ ድጋፍ ላለው ሰው ሥራ ማስጀመሪያ፣ ልጅ አዝላ ለምትውል እናት የሆነ ነገር፣ በዚህ ብንጀምር ሀገር አይከስርም።

የሚቀጥለው ምዝገባ ሲከፈት እትዬን ይዣት እሄዳለሁ ብያለሁ፣ ፎርሙን እሞላላታለሁ። ቢሮው ፎቅ ላይ ከሆነ ተነጋግረናል፣ እሷ ልጁን ታቅፋ እታች ትቆያለች፣ ደረጃውን እኔ እወጣለሁ። የክራንቼን ጎማም አስቀይሬያለሁ።